ሰንጢ ልግዛ ላለኝ ልጅ፣ ለእኩዮቹም

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ከግብርና ኮሌጅ ከወጣ ብዙም አልቆየ፤ መራዊ አካባቢ የአቮካዶ ችግኝ ያዳቅላል። «ጋሼ፣ ሰንጢ ልገዛ ነው። ለሥራም ለኪስም የሚሆን። ትልቅ ይሻላል ትንሽ? የማይዝግ ይሻለኛል? አገር ቤት የተሠራ ደህና ሰንጢስ ይገኛል ወይ?» ይላል።

ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ መስመር መልሼ ልሸኘው ነበር። ሦስተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው ብያለሁ። ጣታችሁን ጠብቁ፣ ሰንጢ ለጠብ አይወጣም የሚለውን ምክር አልደግመውም። እሱን እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል።

ሥራ ስጀምር ስለ ስለት ሦስት ነገር በሙሉ ልቤ አምን ነበር። ወፈር ያለ ስለት ይሻላል። የሚያብረቀርቅ ጥሩ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ አገር ቤት ከተቀጠቀጠው ይበልጣል። ተከራክሮ ያሸነፈኝ ሰው የለም። ሦስቱንም ያስጣሉኝ ሰንጢዎች ናቸው።

ጊዜው የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ አንድ ችግኝ ጣቢያ ተመደብኩ። ኪሴ ውስጥ አጎቴ ለምረቃዬ የሰጠኝ ቀይ የስዊስ ሰንጢ ነበር፤ ነጭ መስቀል ያለበት። ትልቅና ትንሽ ስለት አለው፣ የቆርቆሮ መክፈቻ አለው፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ ወስፌ፣ የቡሽ መክፈቻ ሳይቀር አለው። ካርል ኤልዝነር የሚባል ስዊሳዊ ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1884 ከከፈተው ወርክሾፕ የወጣ ነው። ለመኮንኖች ያዘጋጀውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1897 አስመዘገበው፤ ዓለም ያወቀውም በዚያ ነው። እኔ ያኔ የማውቀው ሲከፈት «ጠቅ» ማለቱን ብቻ ነበር።

በጣቢያው አንድ አዛውንት ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም «አያ» እንላቸዋለን። ፊደል አልቆጠሩም። ብርቱካን ማዳቀል ግን የእሳቸው ሙያ ነው፤ እኔ ከወረቀት የተማርኩት እሳቸው እጅ ላይ ነበር። ሥራ በጀመርኩ ቀን አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ሰንጢዬን አወጣሁ። ቀና ብለው አዩት፤ ምንም አላሉም።

ሥራውን ለማታውቁት እንዲህ ነው። ከታች ተቀባዩ ግንድ አለ፤ ውፍረቱ ከእርሳስ የማይበልጥ ኮምጣጣ ብርቱካን። ልጡ ላይ እንደ «T» አግዳሚና ቁም መስመር ይሰነጠቃል። ከጣፋጩ ዛፍ በተቆረጠ ቀንበጥ ላይ ያለች አንዲት ዐይን፣ ቅርንጫፍ የሚወጣባት እምቡጥ ማለት ነው፣ ደግሞ ከሥሯ ካለው ስስ ልጥ ጋር ተልጣ ትነሣለች። ያች ዐይን በተሰነጠቀው ልጥ ሥር ትገባና በላስቲክ ትጠቀለላለች። ሁለቱን የሚያዋህዳቸው ከልጡ በታች ያለው ስስ እርጥብ ሽፋን ነው። የአንዱ ከሌላው ጋር ካልተነካካ ዐይኗ ትደርቃለች። እንዲነካካ ደግሞ የተቆረጠው ገጽ ዝርግ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ተስቦ የሚያልቅ ቆረጣ ነው። ወዲያ ወዲህ ካላችሁ ገጹ ይጎረብጣል፤ መሐሉ አየር ይይዛል፤ በቃ።

የኔ ሰንጢ ዐይኗን አልላጣትም፤ ቦጨቃት። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው። አያ እጃቸውን ዘረጉና ቀንበጧን ተቀበሉኝ። ከኮታቸው ኪስ አንዲት ሰንጢ አወጡ። እጀታዋ የበሬ ቀንድ ነው፤ ከመያዝ ብዛት አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ስለቷ ጥቁር ነው፤ ወደ ጫፏ ሰማያዊ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል። የተሳለችው በአንድ ጎኗ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ዝርግ። ቀንበጧን በግራ እጃቸው ያዙ፣ ስለቷን ከዐይኗ ሥር አስገቡ፣ ወደ ራሳቸው ሳቡ። ድምፅ የሚባል ነገር አልሰማሁም። ዐይኗ ከነልጧ ስለቱ ላይ ተኝታ ቀረች፤ ገጿ እርጥብ፣ ዝርግ፣ ምንም ጭረት የሌለው። ከዚያ ሰንጢዋን ገለበጡና በእጀታዋ ጫፍ የግንዱን ልጥ ቀስ አድርገው ፈለቀቁት። የቀንዱ ጫፍ ለዚሁ ተብሎ ስስ ሆኖ ተሞርዷል። ያን ሁሉ መክፈቻ የያዘው የኔ ሰንጢ ይህ አንድ ነገር አልነበረውም።

«ዝጋለች እኮ፣ አያ» አልኳቸው።

«ዝገትማ ቀይ ነው። ይኼ ሎሚው ያለበሳት ነው» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ክሮሚየም ያልገባበት ብረት ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል። ያ ጥቁር ሽፋን ቀዩን ዝገት በመጠኑ ይከላከልለታል። የማይዝግ የምንለው ከመቶ ቢያንስ 10.5 ያህል ክሮሚየም የገባበት ነው። ጥቅሙን አልክድም፤ የስዊሱንም ልበድለው አልፈልግም። ብረቱ ደህና ብረት ነው። ግን ከሁለት ወገን የተሳለና ለብዙ ሥራ የታሰበ ነው። ማብረቅረቅ ስለ ስለት የሚናገረው ነገር እንደሌለ ያን ቀን ገባኝ።

«ማን ሠራልዎት?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሌላ ቀንም ጠየቅኩ፤ ወሬ ቀየሩ። ኋላ ላይ፣ «ለሰው ካልነገርህ እወስድሃለሁ» አሉኝ።

ለምን እንደደበቁት ጎጃም ላደገ ሰው አይጠፋውም። አያቴ ከቀጥቃጭ ቤት ውሃ እንዳንጠጣ ትከለክለን ነበር። ባለእጅ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ነው ያደግነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠራልን ያው ሰው ነው። እህሉን በእሱ ብረት አርሰን፣ በእሱ ብረት አጭደን፣ ከእሱ ጋር ግን ማዕድ አንቀርብም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። እኛ ሰፈር ማንም የሰማው አይመስልም።

ቤቱ ከመንደሩ ገለል ብሎ ወንዝ ዳር ነበር። ሰውየው ቀጭን፣ ንግግር የማያበዛ ነው። ልጁ ወናፍ ይነፋል። የመኪና ባሌስትራ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። «ባሌስትራ ለመጥረቢያ ነው፤ ለሰንጢ ያረጀ ሞረድ ነው የምፈልገው» አለኝ። ምክንያቱ ኋላ ነው የገባኝ፤ ሞረድ ካርቦኑ ከፍ ያለ ብረት ስለሆነ ስስ ሆኖም ስለት ይይዛል።

እያየሁት አንድ ስለት አግሎ ኑግ ዘይት ውስጥ ነከረው። ቤቱ በጢስ ተሞላ። «አሁን ቢወድቅ ይሰበራል» አለ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ፈትጎ ነጩን አወጣውና ጀርባውን ወደ ፍሙ አስጠግቶ ያዘው። ቀለም ከጀርባው ተነሥቶ ወደ ስለቱ መሄድ ጀመረ። ብጫው ይቀድማል፣ ቡኒው ይከተላል፣ ከኋላ ሐምራዊና ሰማያዊ ይመጣል። ሰማያዊው ጀርባው ላይ ሳለ፣ ጠጅ የሚመስለው ብጫ ስለቱ ጋ ሲደርስ፣ ሳይነጋገር ውሃ ውስጥ ጨመረው። ጀርባው ለዘብ ብሎ እንዳይሰበር፣ ስለቱ ጠንክሮ እንዲቆርጥ ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ብጫ ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደሚመጣ አነበብኩ። እሱ ያለ ምንም መለኪያ፣ በዐይኑ ብቻ ነበር የሚይዘው።

አንድ ሰንጢ አዘዝኩት። «ከመስቀል በኋላ ና» አለኝ። የዝውውር ደብዳቤዬ ከመስቀል በፊት ደረሰ። ወደ ሞጣ ሄድኩ፤ ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ። ዘመኑ እንደልብ ተመላልሰው የሚጠይቁበት ዘመን አልነበረም። በመጨረሻ ስመለስ አያ አርፈዋል። ወንዝ ዳር ያለው ቤት ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ልጁን አፈላልጌ ከተማ ውስጥ ብየዳ ሲሠራ አገኘሁት። ስለ ሰንጢዎቹ ጠየቅኩት። «አባቴ ወናፉን እንጂ መዶሻውን እንድይዝ አልፈቀደልኝም። ‹ስድቡ በኔ ይብቃ› ይል ነበር» አለኝ።

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ሙያው የጠፋው የተሻለ ዕቃ ስለመጣ አይደለም። የቻይና ሰንጢ ገበያውን ሳይሞላው በፊት ነው የጠፋው። አባት ልጁን ከስድብ ለማዳን ብሎ እጁ ላይ ያለውን ዕውቀት ይዞ ተቀበረ። እኛም ማጭድ ከማስጠገን በቀር ደጁን አልረገጥንም።

ወፈር ያለ ስለት ይሻላል የሚለውን እምነቴን ያስጣለኝ ደግሞ ሌላ ሰንጢ ነው። ባሕር ዳር አብሮኝ የሠራ ፈረንሳዊ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ኦፒኔል ቁጥር 8 ሰጠኝ። ዦዜፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 በሳቮይ ተራሮች ለገበሬ ያወጣው ዓይነት ነው። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስስ ስለት፣ አንገቱ ላይ የሚዞር ቀለበት። ቀለበቷ ስለቱ እጅ ላይ እንዳይታጠፍ የምትቆልፍ ናት፤ እሷ የተጨመረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ስቀበለው መጫወቻ መሰለኝ። ድፎ ዳቦ ስቆርጥበት፣ የበግ ቆዳ ስገፍበት ግን ወፍራሙ ቢላዬ ሥጋውን እየገፋ ሲታገል ይኼ ዝም ብሎ ያልፋል። በጎጃም ክረምት እንጨቱ እርጥበት ይጠጣና ስለቱ አልከፈት ይላል። ያኔ የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ ማድረግ ነው፤ ብቅ ይላል።

ወደ እናንተ ልምጣ። የዘንድሮ ልጅ ሰንጢ ሳይገዛ ስንት ቪዲዮ ያያል። የብረቱን ቁጥር በቃሉ ይይዛል። ስለት ማውጣት ግን አይችልም። ሲደነዝ ይጥልና ሌላ ይገዛል። ይህ በጣም ያናድደኛል። ያባቴ ወንድም ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የመቃ ብዕራቸውን የሚቀርጹባት፣ ብራና ላይ የተሳሳተ ፊደል የሚፍቁባት አንዲት ሰንጢ ነበረቻቸው። ልጅ ሸንኮራ ሊልጥባት ቢያነሣት ቤቱ ይናወጣል። ጠዋት ሥራ ሳይጀምሩ ድንጋይ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው ይስሏታል፤ ከዚያ ጠፍር ላይ ያመላልሷታል። ስለቷ ከመሳል ብዛት ግማሽ ሆና ነበር። በዚያች ስንት መጽሐፍ ተጽፎባታል።

በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ። የዚህ ዘመን ልጅ የሠራው ሰው የማን ዘር ነው ብሎ አይጠይቅም። ይቆርጣል ወይ ነው የሚለው። እኔ እዚያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ሄጃለሁ።

አሁን ደግሞ ከላይ ካልኩት ጋር የማይገጥም ነገር ልናገር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከኪሴ የማትለየው ትንሿ የስዊስ ሰንጢ ናት፤ 58 ሚሊ ሜትር የምትሆነው። አትዝግም፣ ታብረቀርቃለች፣ መቀስ አላት። ማዳቀያ ላስቲክ በመቀሷ እቆርጣለሁ፣ የመድኃኒት እሽግ እከፍታለሁ። ሰንጢ ላይ መቀስ ምን ያደርጋል ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ይጋጫል፤ ይጋጭ።

እንግዲህ ልጄ፣ ለማዳቀል በአንድ ጎን የተሳለች፣ ስስና አጭር ስለት ያላት ለብቻዋ ያዝ። ምሳ አትቁረጥባት። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ በአልኮል ጥረጋት፤ በሽታ በስለት ይተላለፋል። ለኪስህ የፈለግከውን ግዛ፤ ሳትስላት ግን አንድ ሳምንት አትለፍ።

አገር ቤት የተሠራ ይገኛል ወይ ላልከው፣ ዛሬም በየገጠሩ ወናፍ የሚነፋ ባለእጅ አለ። አንተም ጓደኞችህም በያላችሁበት ፈልጉት። ሄዳችሁ ሰንጢ እዘዙ፤ ቡና ሲቀርብም አብራችሁት ጠጡ። ከፈቀደላችሁ ስልካችሁን አውጡና ሲሠራ ቅረጹት። ብረቱን ከየት እንደሚያመጣው ጠይቁ። በውሃ ነው በዘይት የሚነክረው? ቀለሙ የት ሲደርስ ነው የሚያቆመው? እጀታውን በምን ይመታዋል? ልጁ አጠገቡ ካለ ልጁንም አብራችሁ ቅረጹ። ለሰንጢው ብቻ ሳይሆን ሥራ ላስፈታችሁበት ሰዓትም ክፈሉት።