«ጣሊያን የወጣ ጊዜ» ስንት ዓመት ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ የተወለደችው ደሴ ዙሪያ ገጠር ነው። ዓመቱን አታውቀውም። «ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በአረም ወቅት ነው» ሲሉ ሰምታለች። የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሦስት ልጆች ነበሯት። ከዚህ ተነሥቶ የልደት ዓመቷን ማግኘት ይቻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ ይቻላል። እናትዎ የያዙት መረጃ ከሚያስቡት በላይ ጥሩ ነው። ዓመት በቁጥር በማይያዝበት ቤት ዕድሜ የሚቆጠረው አገር ላይ በደረሰው ነገር ነው። ስለዚህ የታወቁ ሁለት ችካሎች ይተከሉና ልደቱ በመካከላቸው እየጠበበ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ችካል ጣሊያን ነው። «የገባ ጊዜ» እና «የወጣ ጊዜ» መለየታቸውን ደግመው ያረጋግጡ፤ በመካከላቸው አምስት ዓመት አለ። ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመልሰው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ደሴ ነፃ የወጣችው በዚያው በሚያዝያ 1933 ነው፤ ጎንደር ላይ ግን ጣሊያን እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ነበር።

«ዘመነ ዮሐንስ» ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ከ1933 በኋላ ባሉት ሃያ ዓመታት ውስጥ የሚወድቁት የዮሐንስ ዓመታት 1936፣ 1940፣ 1944፣ 1948 እና 1952 ናቸው። ሃያ ዓመቱ ወደ አምስት ዓመት ወረደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ችካል የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ታወጀ። አዋጁ የተነገረበትና በየቀበሌው መሬቱ የተደለደለበት ጊዜ ግን አንድ አይደለም፤ እናትዎ የሚያስታውሱት የትኛውን እንደሆነ ይጠይቁ። ቀጥሎ የመጀመሪያ ልጃቸውን ያንሡ። «ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት ግምት ነው። «ያኔ ምን ይሠራ ነበር?» ይበሉ። ጥጃ ይጠብቅ ከነበረ 5 ወይም 6 ዓመት ያህል፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ ከነበረ 6 ወይም 7 ዓመት ገደማ ነው። ከእሱ በፊት ተወልዶ የሞተ ልጅ ነበር ወይ የሚለውንም ለብቻቸው ሲሆኑ፣ በዝግታ ይጠይቁ። የሞቱ ልጆች ብዙ ጊዜ በቁጥሩ ውስጥ አይገቡም፤ ስሌቱ ሁለትና ሦስት ዓመት የሚዛባው በዚህ ነው።

ለምሳሌ ትልቁ ልጅ በ1967 ጥርሱ ወልቆ የ7 ዓመት ልጅ ነበር እንበል። ልደቱ 1960 ይሆናል። እናትዎ ሲወልዱት ከ15 እስከ 22 ዓመት ይሆናቸው ነበር ብለን ብንይዝ፣ እሳቸው የተወለዱት ከ1938 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ውስጥ የሚወድቁት የዮሐንስ ዓመታት 1940 እና 1944 ብቻ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት የወንድም ወይም የእኅት፣ ካልሆነም የአብሮ አደግ መረጃ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ታናሻቸው በትምህርት ቤት መዝገብ 1946 ተብሎ ከተጻፈ፣ በ1944 እና በ1946 መካከል ሁለት እርግዝና ማስገባት ስለሚከብድ 1940 ያሸንፋል።

አረሙ ወሩን ይነግረናል፤ ነገር ግን በእናንተ አካባቢ በልግም ይዘራልና የየትኛው አረም እንደሆነ ሳይጠይቁ አይለፉ። የመኸሩ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ነው። እንግዲህ የሚጻፈው «ሐምሌ ወይም ነሐሴ 1940 ዓ.ም.፣ በግምት» ተብሎ ነው፤ ምክንያቱም ከሥሩ ይሰፍራል። ቀን ፈጥረው አይሙሉበት። በፈረንጆቹ 1948 ነው።

የክርስትና ስማቸውን ካወቁ ይጠቅማል፤ ሲጠቀሙበት ግን ይጠንቀቁ። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከጥምቀቱ ዕለት ወይም በአቅራቢያው ከሚውል በዓል ጋር እንጂ ከልደቱ ጋር አይደለም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ያን ያህል ወደ ኋላ መቁጠር ያስፈልጋል።

አንድ ሌላ ስሕተት በወሎ በተለይ ይደጋገማል። «በድርቁ ጊዜ» ሲባል 1966 ነው ወይስ 1977? «ያኔ ከሰፈራችን ለሰፈራ የተወሰደ ሰው ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ነበር ከተባለ 1977ና ከዚያ ወዲህ ነው። ጥያቄውንም ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት አያድርጉት፤ ድምፁ የበረታው የሌላውን ትዝታ ይሸፍነዋል። ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቀው ያስተያዩ። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ዓመትም እንደ ምስክር አይቁጠሩት። አንድ ጊዜ በግምት የተሞላ ዕድሜ ከወረቀት ወደ ወረቀት ይገለበጣልና ሦስት ሰነድ መስማማቱ ሦስት ማስረጃ አያደርገውም።

ጥያቄ፦ አባታችን «በክረምት፣ በረመዳን ተወለድኩ» ይላሉ። ይህ ይረዳል? (ከጅማ)

መልስ፦ በደንብ ይረዳል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ ወደዚያው ወቅት የሚመለሰው ከ33 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ረመዳን ነሐሴ ላይ የዋለው በ1937፣ እንደገና በ1970፣ ከዚያ በ2003 ነው። ስለዚህ አባትዎ ሰማንያ ዓመት ገደማ ከሆናቸው የሚፈለገው ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ረመዳን በሙሉ ወይም በከፊል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወድቅ ነበር። የክረምቱ መግቢያ ነበር ወይስ ማብቂያው? ወደ ማብቂያው ከሆነ 1936 እና 1937፣ ወደ መግቢያው ከሆነ 1940 እና 1941 ይቀርባሉ።

ጥያቄ፦ የአባቴ የአሜሪካ ወረቀት «ጃንዋሪ 1፣ 1941» ይላል። እሱ ግን ጣሊያን ከወጣ ስምንት ዓመት በኋላ እንደተወለደ እርግጠኛ ነው። የቱ ነው ትክክል? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ አባትዎ። 1933 ላይ 8 ሲደመር 1941 ይመጣል፤ ያ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ቁጥሩ ሳይለወጥ እንደ ፈረንጅ ዓመት ተጽፏል። ትክክለኛው 1948 ወይም 1949 ነው፤ ወረቀቱ አባትዎን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስረጅቷቸዋል። «ጃንዋሪ 1»ም ቀንና ወር ሲታጣ የሚሞላ ነው፤ የልደት ዕለት አድርገው አይውሰዱት።

ለራስዎ ሲያሰሉ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ለተወለደ ሰው 7፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለተወለደ 8 ይደምሩ። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል፤ 8 የሚደመረው ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ አንድ ጊዜ የተቀየረውን ሌላ ሰው ደግሞ ይቀይረውና ሰውየው በወረቀት ላይ ከዕድሜው ያነሰ ይሆናል።

እርማት ከመጠየቅዎ በፊት ያሉትን ሰነዶች ሁሉ በወጡበት ቅደም ተከተል ዘርዝረው በየአንዳንዱ አጠገብ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ። የሁሉም ምንጭ የመጀመሪያው ነው። እርማቱ ሳይፈቀድ አዲስ ቅጽ ላይ አዲሱን ቀን በፍጹም አይሙሉ፤ ሁለት የተለያየ ቀን በአንድ ሰው ስም ሲገኝ እንደ ማጭበርበር ሊታይ ይችላል። የስደተኞችን ጉዳይ ከሚያውቅ ጠበቃ ጋር መጀመሪያ ይማከሩ።

ጥያቄ፦ የዓድዋ ድል በመጻሕፍት ማርች 1 ነው፤ የምናከብረው ግን ማርች 2 ነው። ለምን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ያ ዕለት በፈረንጆቹ ማርች 1፣ 1896 ነበር። እነሱ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፤ እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ይውላል፤ የሚቀጥለው ለውጥ የሚመጣው በፈረንጆቹ 2100 ነው። ቅድመ አያትዎ ከ1892 የካቲት በፊት ከተወለዱ፣ በዛሬው ሠንጠረዥ ካገኙት የፈረንጅ ቀን ላይ አንድ ቀን ይቀንሱ።