ሪፍሌክሶሎጂ ልትማሩ ላሰባችሁ ልጆች

ሥራዬ ሪፍሌክሶሎጂ ነው፤ ውስጥ እግርን በጣት እየተጫኑ መሥራት። በየወሩ ሁለት ሦስት ወጣቶች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ሪፍሌክሶሎጂ ለመማር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ይሉኛል። ድሮ የወራት ቁጥር ነግሬያቸው ስልኩን እዘጋ ነበር። አሁን ግን «ምን ለመሆን?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ቀጣዩን ነገር በስልክ መናገር ስለሚከብደኝ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍላችሁ።

እግር መሥራትን ለመማር ዕድሜ ልክ አያስፈልግም። ልምምድ የማይሰለቸው ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ደህና እጅ ያወጣል። እኔን ብዙ ዓመት የፈጀብኝ አፌን መያዝ ነው።

ሰርተፍኬቴን ከተቀበልኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት ደንበኛ መጡ። ግራ እግራቸውን እየሠራሁ፣ ውስጥ እግራቸው መሐል ላይ አንድ ቦታ ስጫን እግራቸውን ሰበሰቡ። የእግርን እያንዳንዱን ቦታ ከአንድ የሰውነት ክፍል ጋር የሚያያይዝ ካርታ ተምሬ ነበር፤ በዚያ ካርታ ያ ቦታ የኩላሊት ነው። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። አገኘሁት አልኩ በልቤ። «እማማ፣ ኩላሊትዎ ላይ ችግር አለ» አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ። እሳቸው ምንም አላሉም። አመስግነው፣ ከፍለው ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጃቸው ደወለች። እናቷ እንቅልፍ አጥተው ሰንብተዋል። ሁለት ቦታ ተመርምረው ኩላሊታቸው ደህና መሆኑ ተነግሯቸዋል። እሳቸው ግን አላመኑም፤ «እግሬን የነካው ሰው አውቆብኛል» እያሉ ነው። ልጅቷ አልጮኸችብኝም። «እንዴት ለሰው እንደዚያ ይባላል?» ብቻ ነው ያለችኝ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኚህ ሴት ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የሚሠሩት። ጫማቸው አልቆ ሶሉ ወረቀት ሆኗል። በር ላይ ሲያወልቁት አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም። ቆሞ የዋለ እግር ውስጥ እግሩ ላይ ቢጫኑት ያመዋል። ይህን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም ነበር።

ስለዚህ ካርታ ትንሽ ላውራችሁ፤ ትምህርት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ እሱ ነውና። ጣቶቹ የራስና የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ ባዶ ቦታዎች) ናቸው ይባላል። ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፈር ያለ ሥጋ የደረትና የሳንባ ነው። ጎድጓዳው የሆድ ዕቃ፣ ተረከዙ የዳሌ አካባቢ፣ የእግሩ ውስጠኛ ጠርዝ ደግሞ የአከርካሪ። ቀኝ እግር ለቀኝ ጎን፣ ግራ እግር ለግራ ጎን። ሲያዩት ያምራል፤ ቶሎም ይያዛል።

ከየት መጣ ለሚለው ብዙ አስተማሪ ከግብፅ ይጀምራል። ሳቃራ ውስጥ በአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ ሰዎች የሌሎችን እጅና እግር ይዘው ሲሠሩ የሚያሳይ ምስል ተቀርጿል። ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ምስሉ መኖሩ እውነት ነው። ምን እያደረጉ እንደሆነ ግን የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ጥፍር ማስተካከል ነው የሚል አለ፣ ሕክምና ነው የሚልም አለ። እናም «ሙያችን የፈርዖኖች ነው» ስትባሉ ጨዋታውን ስሙ፣ ለደንበኛ ግን አትድገሙት።

ዛሬ የምንጠቀምበት ካርታ ታሪኩ አጭር ነው። ዊልያም ፊትዝጄራልድ የሚባል አሜሪካዊ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቀጥ ያሉ ዞኖች ከፈለ። የአንዱን ዞን ጫፍ መጫን በዚያው መስመር ያለውን ሕመም ያደነዝዛል ይል ነበር። የጎማ ቀለበት፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ ማበጠሪያ ሳይቀር ለዚህ ይጠቀም ነበር። በ1930ዎቹ ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች ፊዚዮቴራፒስት ሐሳቡን ወስዳ እግር ላይ አተኮረች። ዛሬ ለምናውቀው የእግር ካርታ መሠረቱን የጣለችው እሷ ናት። በ1938 መጽሐፍ አሳትማ ከከተማ ከተማ እየዞረች አስተማረች። ከሷ በኋላ ዶሪን ቤይሊ ወደ ብሪታኒያ፣ ሀኔ ማርካርት ወደ ጀርመን ወሰዱት።

ታሪኩን ያነሳሁት ለአንድ ነገር ነው። ካርታውን ሰዎች ናቸው የሣሉት፣ እሱም በቅርቡ። የአንዱ ትምህርት ቤት ካርታ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከውስጥ እግር ተነስቶ ኩላሊት ጋ የሚደርስ ልዩ መስመር በአናቶሚ፣ ማለትም በሰውነት አካላት ጥናት፣ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኤድዛርድ ኤርነስት የተባለ ተመራማሪ 18 ጥናቶችን ገምግሞ ነበር። ሪፍሌክሶሎጂ አንድን በሽታ እንደሚያድን የሚያሳምን ማስረጃ የለም ብሎ ደመደመ። ይህን ሳነብ ሙያ ላይ ብዙ ቆይቼ ነበር። ተናደድኩ። ከዚያ እማማ ትዝ አሉኝ፤ ንዴቴም በረደ።

ታዲያ ለምን አልተዉትም ትሉኝ ይሆናል። ሰው ሃምሳ ደቂቃ ተኝቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣ ሌላ ሰው በጥንቃቄ ሲነካው ትንፋሹ ይለወጣል። ትከሻው ይወርዳል። ግማሹ ያንቀላፋል። ይህን በየቀኑ አያለሁ። ሲነሱ «ቀለል አለኝ» ይላሉ፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ይህን ለመስጠት ስለ ማንም ኩላሊት መተንበይ አያስፈልገኝም። ለዚህ የሚከፍለኝ ሰው አላጣሁም፣ ለምን ልዋሽ?

አሁን ወደ እጁ። የሥራችን ዋናው መሣሪያ አውራ ጣት ነው። አካሄዱ እንደ አባጨጓሬ ነው፤ የመጀመሪያዋ መገጣጠሚያ ብቻ ትታጠፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ቅንጣት ታህል ወደፊት ትሄዳለች። ወደ ኋላ አትሄድም። ጉልበቱ የሚመጣው ከአውራ ጣቱ ሳይሆን ከጀርባ ከሚደግፉት አራት ጣቶች ነው። ሌላው እጅ እግሩን ይዞ ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ይለጥጣል፣ ውስጥ እግሩ ሸብ ሸብ እንዳይል። አንድ እጅ ብቻ የሚሠራ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ያዡ እጅ ከሰነፈ ደንበኛው ወዲያው ያውቀዋል፣ እግሩን ዘና አድርጎ አይለቅላችሁም። ብዙ ቅባትም አታድርጉ፣ ጣቱ ይንሸራተታል።

አስተማሪዬ የሰው እግር ሳታስነካን ሁለት ሳምንት በገዛ ክንዳችን ላይ አስኬደችን። አሰልቺ ነበር። በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቴ ተኮማትሮ እርሳስ መያዝ አቃተኝ። አንዱ ጓደኛችን «እኛ የመጣነው ሰው ለመርዳት ነው እንጂ ክንዳችንን ለመቆንጠጥ አይደለም» ብሎ ቀረ። እኛ የቆየነው ግን ልክ የሆነ ግፊት ምን እንደሚመስል ከራሳችን ቆዳ ተማርን።

አናቶሚውን አትዝለሉት። አንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 52፤ ከሰውነታችን አጥንት ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ስማቸውን መሸምደድ ይታክታል፣ እኔም ታክቶኝ ነበር። አጥንቱን ያላወቀ ሰው ግን ጠጠር ያለ ነገር በነካ ቁጥር «እዚህ የተከማቸ ነገር አለ» ይላል። የነካው አጥንት ነው!

ከሁሉም በላይ የማትነኩትን እግር እወቁ። በዚህ ላይ የሚቸኩል ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አስመልሱ። አንድ ቀን ረጅም መንገድ ተቀምጠው የመጡ ሰውዬ «እግሬ ከብዶኛል፣ እሽት እሽት አድርጉልኝ» አሉ። ሱሪያቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ አንዱ ባታቸው ከሌላው አብጧል። በእጄ ጀርባ ነካ አደረግኩት፣ ይሞቃል። «ዛሬ አልሠራልዎትም። አሁኑኑ ሆስፒታል ይሂዱ» አልኳቸው። ተቆጡ። ከሩቅ መጥቼ አሉ። ቆመው ሲሟገቱኝ ቆዩ፣ በመጨረሻ ተነጫንጨው ሄዱ። ለካ ደም ስራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ቢታሽ ተነቅሎ ሳንባ ሊደርስ ይችል ነበር። በዚህ ሙያ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት ያን ያልሠራሁትን እግር ነው።

ሌሎቹም አሉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የእግሩ ስሜት ደንዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ብትጎዱት እንኳ አይነግራችሁም፣ እሱም አያውቅም። በጣቶቹ መሐል ቁስል እንዳለ እዩ። ቁስል ካለ ሥራው የሐኪም ነው። ሪህ የተነሳበት፣ በቅርብ የተሰበረ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ የቀላና የሚያቃጥል እግር አይነካም። እርጉዝ ሴት ከመጣች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ መጀመሪያ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። ይህን ሁሉ ለማወቅ መጠየቅ አለባችሁ። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ አሥር ደቂቃ ተቀምጣችሁ ጠይቁ፣ ጻፉ፣ አስፈርሙ። የነገራችሁም እዚያው ይቅር።

አጻጻፉም ትምህርት አለው። ብዙ ቦታ ለመመረቅ የተወሰኑ ሰዎችን ደጋግማችሁ ሠርታችሁ ሪፖርት ታቀርባላችሁ። ያኔ ደንበኛው ያለውን ጻፉ። «ሌሊት ሦስቴ ነቃሁ አሉ» ተብሎ ይጻፋል። «የነርቭ ሥርዓታቸው ተዛብቷል» አይጻፍም። ማን ነገራችሁ? «መርዝ ከሰውነት እየወጣ ነው» የምትባለውም አለች። ደንበኛ በማግስቱ ራሱን ካመመው መርዝ እየወጣ ነው ይሉታል፣ ካላመመውም ወጥቷል ይሉታል። እንዲህ ሁልጊዜ ልክ የሚሆን አባባል ስትሰሙ ጠርጥሩ።

በጣም ከባዱ ጥያቄ «መድኃኒቴን ላቁም?» የሚለው ነው። ይመጣል፣ አትጠራጠሩ። እግሩ ቀለል ሲለው ሰው ይጠይቃል። መልሱ አንድ ነው፤ «ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ»። ፊታችሁ እንኳ «ምናልባት» እንዳይል ተጠንቀቁ። አፍ መያዝ ያልኳችሁ ፊትንም ይጨምራል።

ፊት ካነሳሁ አይቀር፣ ጫማውን ሲያወልቅ ይቅርታ የማይጠይቅ ሰው አላየሁም። «እግሬ ያስጠላል» ይላል፣ ሚኒስትር ቢሆን እንኳ። ሰው ፊቱን ተኳኩሎ ይመጣል፣ እግሩን ግን ደብቆት ነው የኖረው። የተሰነጠቀ ተረከዝ ስታዩ ቅንድባችሁ ከተነሳ አለቀ፣ ያ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

ስለ ትምህርት ቤት የምለው አጭር ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ እናንተ ያላችሁበትን ቀድማችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ በብሪታኒያ ሙያው በሕግ የተከለለ አይደለም። ማንም ራሱን ሪፍሌክሶሎጂስት ብሎ መጥራት ይችላል። ሲኤንኤችሲ የሚባል በፈቃደኝነት የሚመዘገቡበት መዝገብ ግን አለ፣ እዚያ ለመግባት መመዘኛ ማሟላት ያስፈልጋል። ሕግ በሌለበት ቦታ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አስተምሮ ሰርተፍኬት የሚሰጥ አይጠፋም። በቪዲዮ ብቻ መማርም አይሆንም። ንድፈ ሐሳቡን ልትሰሙበት ትችላላችሁ፣ የታጠፈ አውራ ጣታችሁን ግን የሚያቃናው እጁን እጃችሁ ላይ የሚያደርግ አስተማሪ ነው። «ካንሰር ታድናላችሁ» ያላችሁን ሰው ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ።

ገንዘቡ? በመጀመሪያው ዓመት በዚህ ብቻ እኖራለሁ አትበሉ። ሌላ ሥራችሁን ሳትለቁ ጀምሩ። ገንዘብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሦስተኛው ዓመቴ ደንበኛ በዛልኝና በቀን ስምንት ሰው መሥራት ጀመርኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የአውራ ጣቴ ሥር፣ ከእጅ አንጓ አጠገብ ያለችው መገጣጠሚያ፣ የጠርሙስ ክዳን አላስከፍት አለችኝ። ሁለት ወር ሥራ ፈታሁ። አሁን በቀን ከአምስት አልበልጥም፤ በአንዱና በሌላው መሐል አርፋለሁ። ወንበሬ ዝቅ፣ የደንበኛው እግር ከደረቴ ትይዩ። ትከሻዬ ከተነሳ አቁሜ አስተካክላለሁ።

ለመመዝገብ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሩ። ከቤተሰብ የአንዱን ሰው እግር አሥር ደቂቃ ያዙ። ቴክኒክ አያስፈልግም፣ እጃችሁን አሙቁና ያዙ ብቻ። ምንም አትናገሩ። ሲያልቅ «ምን ተሰማህ?» ወይም «ምን ተሰማሽ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን እስከ መጨረሻው ስሙ። አሥሩ ደቂቃ ከረዘመባችሁ ሌላ ሙያ ፈልጉ፣ ነውር የለውም። ካልረዘመባችሁ ደውሉልኝ፣ ስለ ወራቱ እንነጋገራለን። ጥፍራችሁን ግን ከዛሬ ጀምሮ አሳጥሩ።