ሽማግሌው ዛፍና የልጅዎ ኪስ

ጥያቄ፦ ግላስጎው ነው የምንኖረው። በቅርቡ ፎርቲንጎል የምትባል የስኮትላንድ መንደር ሄደን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ያለውን ዪው የሚሉትን አሮጌ ዛፍ አየን። አንዱ ዕድሜው 2,000 ዓመት ነው ይላል፣ ሌላው 5,000። ጲላጦስም እሥሩ ተወለደ አሉን! የቱን ልመን? ማታ ደግሞ ከልጄ ኪስ ቀይ ፍሬ አገኘሁ። ይጎዳዋል?
የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከኪሱ እንጀምር። ፍሬውን ይጣሉት፣ እጁንም ያስታጥቡት። የዪው ፍሬ ቀዩ ሥጋው አይመርዝም፤ ውስጡ ያለው ዘር ግን ልብ የሚያውክ መርዝ አለው፣ ቅጠሉም እንዲሁ፣ ደርቆ እንኳን አይለቀውም። ዘሩን አኝኮ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ግን ፍሬውን ከሽማግሌው ዛፍ ሥር የለቀመው አይመስለኝም። ዪው ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ነው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ናት። የፎርቲንጎሉ ደግሞ ወንድ ነው። ማለቴ፣ ወንድ ነበር... እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ቅርንጫፉ ቀይ ፍሬ ይዞ ተገኘ! ሌላው አካሉ ወንድ እንደሆነ፣ ያቺ ቅርንጫፍ ብቻ ሴት ሆናለች። በዚህ ዕድሜው!

ዕድሜውን በተመለከተ ማንም ቆጥሮ አልደረሰበትም። ዛፍ የሚቆጠረው ግንዱ ውስጥ ባሉት ቀለበቶች ነው፣ የዚህ ደግሞ መሃሉ የለም። እ.ኤ.አ. በ1769 ሲለካ ዙሪያው 16 ሜትር ገደማ ነበር፤ ግንዱ ተሰንጥቆ ስለተከፈተ ቀብር የሚሄድ ሰው አስከሬን ይዞ በመሃሉ ያልፍ ነበር ይባላል። ከዚያ ጎብኚው ለማስታወሻ እያለ እየቆረጠ ወሰደው፣ በግንብ እስኪያጥሩት ድረስ። አሁን ብዙ ዛፍ መስሎ የሚታየው የዚያ የአንዱ ግንድ ቅሪት ነው። ስለዚህ ሁሉም በውፍረቱ ይገምታል። እኔ ከ2,000 እስከ 3,000 የሚሉትን አምናለሁ፤ 5,000 ለቱሪስት የተጋነነ ይመስለኛል።

የጲላጦሱ ግን ተረት ነው። ጲላጦስ የይሁዳ ገዢነቱን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ36 ገደማ ነው፤ ሮማውያን ደግሞ ብሪታንያን መያዝ የጀመሩት በ43፣ ስኮትላንድ የዘለቁት ከዚያም ቆይተው ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን በቅድስና ስለሚታሰብ ወሬው ጆሮዎን ቢስበው አይገርመኝም፤ የስኮትላንድ ተወላጅ ለመሆን ግን ዘመኑ አይገጥምለትም።

ተመልሰው ከሄዱ አጥሩ ውስጥ መሬቱን ይዩ፤ የድሮው ግንድ እስከየት ይደርስ እንደነበር ምልክት ተደርጎበታል። ለልጅዎ ያሳዩት፣ ኪሱን ግን ሲወጡ ይፈትሹ።