አዲስ የትሪፕስ ዝርያ አካል እንዴት ይገለጻል? ጥያቄና መልስ

ትሪፕስ የተባለውን ጥቃቅን ነፍሳት የሽንኩርት አምራቹም የጽጌረዳ እርሻ ሠራተኛውም በጉዳቱ ያውቁታል። እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ግን ስለ ርጭት አይደሉም። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝም ተባይ «እስካሁን ያልተገለጸ ዝርያ ነው» ከተባለ አካሉ በምን ተዘጋጅቶ፣ በምን ቅደም ተከተል ይገለጻል የሚሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሽንኩርት ማሳ ዳር ከአረም ላይ የሰበሰብኩት ትሪፕስ ማሳው ውስጥ ካለው በጣም ይጠቁራል። አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል?

በጥቁረቱ ብቻ አይባልም። የሽንኩርት ትሪፕስ፣ ማለትም ትሪፕስ ታባሲ፣ ራሱ ከፈዛዛ ቢጫ እስከ ጥቁር ቡናማ ይለያያል፤ በብርድ ያደገው ይጠቁራል፣ በሙቀት ያደገው ይገረጣል። መጀመሪያ የሚታወቀውን ያስወግዱ። አንቴናው 7 አንጓ ነው? አናቱ ላይ ያሉት ሦስት ነጠላ ዓይኖች ቀለማቸው ግራጫ ነው? (የብዙዎቹ ዘመዶቹ ቀይ ነው፤ ይህ የሚታየው ናሙናው በኬሚካል ሳይጸዳ ነው።) የኋለኛው ደረት ጀርባ ላይ ጥንድ ክብ ነጥቦች የሉም? የፊት ክንፉ የመጀመሪያ ጅማት በጫፉ በኩል ብዙውን ጊዜ 4 ፀጉር ነው ያለው? በሆዱ አንጓዎች ጎን ባሉት መስመሮች ላይ ጥቃቅን ፀጉር ተደርድሯል? ሁሉም መልስ «አዎ» ከሆነ በእጅዎ ያለው ከ1889 ጀምሮ ስም ያለው ዝርያ ነው።

ጥያቄ፦ ናሙናውን በ95 በመቶ አልኮል አስቀምጬ ነበር። ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ ሳወጣው እግሩም አንቴናውም ተጣብቆ ደረቀብኝ። ምን አጠፋሁ?

አልኮሉ በዝቶበታል። ጠንካራ አልኮል ውሃውን ቶሎ ስለሚያወጣው አካሉ ይገተራል፤ ክንፉን ለመዘርጋት ሲነኩት ይሰበራል። ለስላይድ የሚሰበሰበው በዚህ ድብልቅ ነው፦ 10 እጅ የ60 በመቶ አልኮል፣ 1 እጅ ግሊሰሪን፣ 1 እጅ አሴቲክ አሲድ። ይህ አካሉን ለስላሳ አድርጎ ያቆያል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ወደ 60 በመቶ አልኮል አዛውረው ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት። 95 በመቶው የሚያስፈልገው ለዲኤንኤ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ተክል ሲሰበስቡ በሁለት ብልቃጥ ይክፈሉት፣ በኋላ አይቆጭዎትም።

ጥያቄ፦ ቋሚ ስላይድ አዘገጃጀቱን ደረጃ በደረጃ ቢያስረዱን?

ከሆዱ አንጓዎች መካከል ስስ የሆነውን ቆዳ በቀጭን መርፌ ይብሱት። ከዚያ በ5 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ፣ ሳይሞቅ፣ ጥቂት ሰዓት ያቆዩት፤ በጣም ጥቁሩ እስከ ማደር ሊደርስ ይችላል። ሥራው የውስጥ ሥጋውን ማሟሟት ነው፤ በመርፌ ቀስ ብለው ሲጫኑት በቀዳዳው ይወጣል። በውሃ ያጥቡት፣ በ60 በመቶ አልኮል ያሳድሩት።

ቀጥሎ ውሃውን ማስወጣት ነው፦ 70 በመቶ አልኮል 1 ሰዓት፣ 80 በመቶ 20 ደቂቃ፣ 95 በመቶ 10 ደቂቃ፣ ንጹሕ አልኮል ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ። እግርና ክንፍ የሚዘረጋው መጀመሪያ ላይ፣ አካሉ ገና ሳይደርቅ ነው። በመጨረሻ የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል።

አሁን 13 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ክብ የመሸፈኛ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ ካናዳ ባልሳም (ናሙናውን የሚይዝ ግልጽ ሙጫ) ያድርጉ። ትሪፕሱን ሆዱን ወደ ላይ አድርገው በውስጧ ያስተካክሉት፣ ስላይዱን ከላይ ዝቅ አድርገው ያስነኩት፤ ባልሳሙ እንደተስፋፋ ወዲያው ይገልብጡት። ሲገለበጥ ጀርባው ወደ እርስዎ ይዞራል። ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ማድረቂያ ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ቶሎ ካወጡት መስታወቷ ትንሸራተትና አንቴናውን ይዛው ትሄዳለች።

ጥያቄ፦ ባልሳሙ ውስጥ ነጭ ደመና መሰል ነገር ታየኝ። ሌላ ስላይድ ላይ ደግሞ ትሪፕሱ መስታወት መሰለ፣ ምንም ቀለም የለውም።

ደመናው ያልወጣ ውሃ ነው፤ ንጹሑ አልኮል ንጹሕ አልነበረም ወይም ክዳኑ ሳይገጠም አድሯል። ወደ ቅርንፉድ ዘይት መልሰው፣ ከዚያ ወደ አዲስ ንጹሕ አልኮል አዛውረው እንደገና ያዘጋጁት። ሁለተኛው በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ከልክ በላይ ቆይቷል። ለዚህ ሲባል ከተሰበሰበው ጥቂቱ ሳይጸዳ በቀጥታ ስላይድ ላይ ይሰቀላል (ይለጠፋል)፤ የቀለም ገለጻው ከዚያ ይጻፋል፣ የፀጉርና የቆዳ ገለጻው ከጸዳው። በአንድ ናሙና ሁለቱንም ለመጻፍ የሚሞክር ሁለቱንም ያበላሻል።

ጥያቄ፦ በባልሳም ፈንታ በሆየር መፍትሄ (በውሃ የሚሠራ መለጠፊያ ፈሳሽ) መስቀል አይቀልም?

ይቀላል፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ለፍጥነት ምርመራ ይሁን፤ ለዓይነት ናሙና (የዝርያው ስም ለሚመሠረትበት ማመሳከሪያ) ግን አይሁን፣ በዓመታት ውስጥ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ገለጻውን ከየት ልጀምር? ምንስ ልተው?

ከራስ ወደ ጅራት፣ ከጀርባ ወደ ሆድ። ግን ሁሉንም በእኩል ስፋት አይጻፉ፤ ገጹን የሚወስደው የሚለየው ነገር መሆን አለበት።

ጭንቅላት ላይ ሦስቱ ነጠላ ዓይኖች የሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ዋና ምልክት ነው። በዙሪያው ያሉት ፀጉሮች በጥንድ ይቆጠራሉ፦ አንደኛው ጥንድ ከፊተኛው ዓይን ፊት፣ ሁለተኛው ከጎኑ፣ ሦስተኛው በማዕዘኑ ውስጥ ወይም ጠርዝ ላይ። የሦስተኛው ጥንድ ቦታና ርዝመት ብዙ ዝርያ ይለያል። ፍራንክሊኒየላ ኦክሲደንታሊስ (የምዕራብ አበባ ትሪፕስ) ላይ ረጅምና ከማዕዘኑ የፊት ጠርዝ የሚነሣ ነው፤ ፍራንክሊኒየላ ሹልትዘይ ላይ ሁለቱ ተቀራርበው በኋለኞቹ ዓይኖች የፊት ጠርዝ መካከል ይቆማሉ።

አንቴናው ላይ አንጓ ይቁጠሩ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው አንጓ ላይ ያለው የሽታ ዳሳሽ ሹካ መሰል ነው ወይስ ነጠላ የሚለውን ይጻፉ። ደረት ላይ የፊት ሳህኑን ረጃጅም ፀጉሮች በጥንድ ይቁጠሩ፤ የኋለኛውን ደረት ቅርጽ በሥዕል ያሳዩ፣ በቃል ብቻ አይገለጽም። ክንፍ ላይ በሁለቱም ጅማቶች ያሉትን ፀጉሮችና ክፍተታቸውን ይጻፉ። ሆድ ላይ ስምንተኛው አንጓ የኋላ ጠርዝ ሚዶ መሰል የፀጉር ድርድር አለው ወይስ የለውም፣ ካለውም ሙሉ ነው ወይስ መሐሉ የተቆረጠ የሚለው አይቀርም።

«አንቴና አለው፣ ስድስት እግር አለው» የሚል ነገር አይጻፍ። የሁሉም ትሪፕስ ነው።

ጥያቄ፦ በክቴኒዲያ ይለያሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ምንድን ነው?

በሆዱ አንጓዎች ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ እንደ ሚዶ ጥርስ በአንድ መስመር የተሰለፉ ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው። ወሳኙ ስምንተኛው አንጓ ነው፤ እዚያ የመተንፈሻ ቀዳዳ አለ። ክቴኒዲያው ከቀዳዳው ፊትና ወደ ውጭ ከሆነ የፍራንክሊኒየላ ጠባይ ነው፤ ከኋላና ወደ መሐል ከሆነ ራሱ «ትሪፕስ» የሚባለው ጂነስ (የቅርብ ዝርያዎች ምድብ) ጠባይ ነው። በ400 ጊዜ ማጉያ፣ ፌዝ ኮንትራስት (ግልጽ ነገርን አጉልቶ የሚያሳይ የማይክሮስኮፕ ስልት) ካለም በእሱ ይዩት። በተራ ብርሃን ዲያፍራሙን (የማይክሮስኮፑን የብርሃን መግቢያ) ጠበብ ማድረግ ይረዳል። ስምንተኛ አንጓው በዘጠነኛው ሥር ተሸጉጦ ከሆነ ግን ማጉያ አይረዳም፤ ናሙናው ሲዘጋጅ በደንብ አልተዘረጋም።

ጥያቄ፦ እውነት አንድ መንጋጋ ብቻ ነው ያለው?

እውነት ነው፣ የግራው ብቻ። የቀኙ ገና በእንቁላል ውስጥ ሳለ ይከስማል። በግራው ይበሳል፣ ሁለቱ ቀጫጭን ዘንጎች ተገጣጥመው ቱቦ ሆነው ፈሳሹን ይመጥጣሉ። ለዝርያ መለያ ግን ብዙም አያገለግልም።

ጥያቄ፦ የእኔ ናሙና ጅራቱ ቱቦ መሰለኝ፣ እንቁላል መጣያ የለውም።

ታዲያ ሌላ ንዑስ ክፍል ውስጥ ነዎት፦ ቱቡሊፌራ። አሥረኛው አንጓ ቱቦ ይሆናል፣ ክንፎቹ ሲያርፉ ይደራረባሉ፣ ጅማትም የላቸውም። ከላይ የጻፍኩት ስለ ጅማት ፀጉር የሚለው ለእሱ አይሠራም። መጋዝ መሰል እንቁላል መጣያ ያላቸው ቴሬብራንሺያ ናቸው፤ ከእነሱም መጣያው ወደ ታች የታጠፈው የትሪፒዴ ቤተሰብ ነው፣ ወደ ላይ የታጠፈው የኢዮሎትሪፒዴ።

ጥያቄ፦ ልኬት እንዴት ይጻፋል?

በማይክሮን። መጀመሪያ የዓይን መነጽሩን መለኪያ ከስቴጅ ማይክሮሜትር (ልኩ የታወቀ መስመር ከተሠመረበት ስላይድ) ጋር ያስተካክሉ። የስቴጁ አንድ ክፍል 10 ማይክሮን ቢሆንና የዓይን መነጽሩ 100 ክፍሎች ከ25ቱ ጋር ቢገጥሙ፣ አንዱ የዓይን መነጽር ክፍል 2.5 ማይክሮን ነው። ሌንስ ሲቀይሩ እንደገና ያስተካክሉ፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው እዚህ ነው። የጭንቅላት ርዝመትና ስፋት፣ የደረቱ የፊት ሳህን፣ የፊት ክንፍ፣ እያንዳንዱ የአንቴና አንጓ፣ ዋና ዋና ፀጉሮች ይለካሉ። የመላ አካሉን ርዝመት ይጻፉ፣ ግን አይመኩበት፤ ሆዱ ስላይድ ላይ ይለጠጣል።

ጥያቄ፦ ወንዱ ካልተገኘስ? እጩስ (ገና ያላደገው ትሪፕስ) ይገለጻል?

ሴቷ ብቻ ብትገኝም ይገለጻል፤ በአንዳንድ የትሪፕስ ሕዝቦች ወንድ እምብዛም አይታይም። ወንድ ካለ ግን በሆዱ ሥር ያሉትን የዕጢ ሳህኖች ቅርጽና በስንተኛው አንጓ ላይ እንዳሉ ይጻፉ። ከእጩ ብቻ ተነሥቶ አዲስ ዝርያ ማውጣት አይመከርም፤ የሚወዳደርበት ገለጻ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤ ካለኝ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ዲኤንኤው ማስጠርጠሪያ ነው። ትሪፕስ ታባሲ ራሱ በመልክ የማይለዩ፣ በዲኤንኤ ግን የሚለያዩ ዘሮች አሉት። ቆዳው ሳይጠፋ ዲኤንኤ ማውጣት ስለሚቻል፣ ከዚያው ትሪፕስ ስላይድ ይሥሩ፤ ሁለቱ ማስረጃዎች የአንድ ፍጡር ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ስሙን ከአማርኛ ቃል ማውጣት እችላለሁ?

ይችላሉ። ግን ስም ብቻውን አይበቃም፦ አንዱን ናሙና ሆሎታይፕ (ዋናው የዓይነት ናሙና) ብለው መወሰን፣ የሚቀመጥበትን ተቋም በጽሑፉ መግለጽ ግዴታ ነው። ስላይዱ ላይ ተክሉ፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰብሳቢው ይጻፍ። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚወጣ ከሆነ በዙባንክ (የእንስሳት ሳይንሳዊ ስሞች መዝገብ) መመዝገብ አለበት። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ እንደ ላቲን ቅጽል በጂነሱ ጾታ አይለዋወጥም። «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ጸ»ን ከ«ሰ» ለመለየት ግን ነጥብም ጭረትም አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሳይጠፋ የሚነበብ ቃል ይምረጡ።