ስለ ኳርተርባክ ውሳኔ፣ አሰልጣኝ ለመሆን ለምታስቡ

ውድ ወጣቶች፣

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች አሜሪካን ፉትቦል ተጫውታችሁ አሁን ወደ ማሰልጠን የምታዘነብሉ አላችሁ። የምትጠይቁት በአብዛኛው ስለ ስልት ነው። እሱ ከቪዲዮም፣ ለአሰልጣኞች ከሚሰጥ ሥልጠናም ይገኛል። አሰልጣኝን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ማን ይሁን፣ መቼ ይውጣ፣ መቼ ይመለስ የሚለው ነው።

ወላጆቻችሁ በሚያውቁት የእግር ኳስ ውድድር ተቀይሮ የወጣ አይመለስም። እዚህ ግን ያሻችሁትን ስታስገቡና ስታስወጡ መዋል ትችላላችሁ። ፈተናውም ከዚሁ ይመጣል። ሁለት ኳስ እንደተቀማ ከጀርባችሁ ያለው ሕዝብ «ቀይረው!» ይላል፤ ሕጉ አይከለክላችሁም፤ እጃችሁን የሚይዝላችሁ ከራሳችሁ በቀር ማንም የለም።

ከሁሉ በፊት ውሳኔው የማን እንደሆነ ለዩ። ጤነኛ ከሆኑት ልጆች ማን ይጀምር የሚለው የዋናው አሰልጣኝ ነው። ረዳቶች ይመክራሉ፣ የስፖርት ኃላፊው ይጠይቃል፣ አባት ይደውላል፤ ተጠያቂው ግን እናንተ ናችሁ። የተጎዳ ልጅ ይጫወት ወይስ አይጫወት የሚለው ደግሞ የሐኪም ነው። ሐኪሙ «አይሆንም» ካለ ክርክር የለም። «ይሆናል» ካለ ግን ገና አላበቃም፤ ዓይናችሁ ልጁ ልክ አለመሆኑን ካየ የማስወጣት ሥልጣን አላችሁ። አሰልጣኝ ከሐኪም በላይ ሊጠነቀቅ ይችላል፤ ከሐኪም በላይ ሊደፍር ግን አይችልም።

በዋሽንግተን አካባቢ ያደጋችሁ የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ የሮበርት ግሪፊንን ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። ታኅሣሥ 2012 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ። አንድ ጨዋታ አርፎ፣ ጉልበቱን በድጋፍ አስሮ ተመለሰ። ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ላንዶቨር ላይ ከሲያትል ጋር ቡድኑ 14 ለ 0 መራ፤ ግሪፊን ግን በመጀመሪያው ሩብ ጉልበቱ ዳግም አመመው፣ እያነከሰም ቀጠለ። በአራተኛው ሩብ ጉልበቱ ከዳው። ጨዋታው 24 ለ 14 ጠፋ፤ ልጁም ሁለት ጅማቶቹን በቀዶ ሕክምና ጠገነ። አሰልጣኙ ማይክ ሻናሃን በኋላ ያስረዳው፣ ተጫዋቹ መጫወት እችላለሁ እንዳለውና እንዳመነው ነበር።

ስህተቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። «ትችላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ወጣት ተፎካካሪ ሁልጊዜ «አዎ» ይላል። ቡድኑን የካደ ይመስለዋል፣ ቦታዬን ላጣ እችላለሁ ብሎም ይሰጋል። ስለዚህ ልጁን ሳይሆን እግሩን ተመልከቱ። ቀኝ እጁ ወርዋሪ የሆነ ልጅ ኃይሉን የሚያመጣው ከኋላ ካለው ቀኝ እግሩ ነው፤ በዚያ ገፍቶ በግራው ይረግጣል። የሚገፋው እግር ሲታመም ውርወራው በክንድ ብቻ ይሆናል፤ ኳሱ ወይ ያጥራል ወይ ከተቀባዩ ራስ በላይ ያልፋል። ኳሱን ይዞ ሲያፈገፍግ እርምጃው ከወትሮው ከዘገየ፣ ክፍት ሜዳ እያየ ካልሮጠ፣ ከወረወረ በኋላ ክብደቱን ወደ ፊት ካላሻገረ፣ ጥሩ የተጫወተ ቢመስልም አስወጡት። ረዳታችሁ ሥራዬ ብሎ እግሩን ብቻ የሚያይበት ሁለት ሦስት ጨዋታ መድቡለት፤ እናንተ ኳሱን ስታዩ እግሩን አታዩትምና።

የጭንቅላት ጉዳት ከዚህ የባሰ ነው። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2022 የማያሚው ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎአ ራሱ መሬት መትቶ ሲነሳ ተንገዳገደ፤ ምክንያቱ ጀርባው ነው ተብሎ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ሲንሲናቲ ላይ ዳግም ተመትቶ በቃሬዛ ወጣ። በጥቅምቱ የፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ሊጉ (NFL) እና የተጫዋቾች ማኅበሩ ደንቡን አጠበቁ፤ ሚዛኑን ስቶ የተንገዳገደ በዚያ ቀን አይመለስም። በትምህርት ቤት ደግሞ የሁሉም ስቴቶች ሕግ የኮንከሽን (ከምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) ጥርጣሬ ያለበትን ልጅ ከጨዋታ ማስወጣትን ይጠይቃል። የመመለሻው መንገድ ስድስት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ወደ መደበኛ ትምህርቱ፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ ንክኪ የሌለው ከባድ ልምምድ፣ ከዚያ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ምልክቱ ከተመለሰ አቁሞ ወደ ቀደመው ደረጃ መውረድ ነው። እንግዲህ አስሉት፦ ዓርብ ማታ የተመታ ልጅ ለሚቀጥለው ዓርብ ይደርሳል ብላችሁ ዕቅድ አታውጡ።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አሰልጣኝ የታመመ ልጅ ሜዳ ላይ የሚያቆየው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚተካው ሰው ስላላዘጋጀ ነው። የዓርቡ ውሳኔ የሚወሰነው ማክሰኞ ልምምድ ላይ ነው። ጃንዋሪ 2023 የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ፊላደልፊያ ላይ ለሊጉ ፍጻሜ፣ ለሱፐር ቦውል፣ ለማለፍ ሲጫወት ኳርተርባኩ ብሮክ ፐርዲ ክርኑን ተጎዳ፣ ተተኪው ጆሽ ጆንሰን ደግሞ ጭንቅላቱን። ፐርዲ በደንብ መወርወር በማይችል ክንድ ተመልሶ ገባ፤ ቡድኑ 31 ለ 7 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሊጉ ሁለቱም ሲጎዱ የሚገባ ሦስተኛ ኳርተርባክ ማስቀመጥን ፈቀደ። ይህ የደረሰው በዓለም ባለጸጋው ሊግ ውስጥ ነው፤ አርባ ልጅ ባለው ትምህርት ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱት።

ስለዚህ ከዋናው ቡድን ጋር ከሚደረጉ አሥር ልምምዶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ለተጠባባቂው ስጡ። በየቀኑ ከዋናው ሴንተር (ኳሱን ወደ ኋላ ከሚያቀብለው ተጫዋች) እጅ ኳስ ይቀበል፤ በሳምንት አንድ ቀን ኳሱን ውኃ ነክራችሁ። ተጠባባቂ ሲገባ መጀመሪያ የሚበላሸው ውርወራው አይደለም፤ ርክክቡ ነው። ቀጥሎ ድምፁ ነው፦ የመነሻ ቃሉን የሚጠራበት ምት ከዋናው ከተለየ ላይንማኖቹ (ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት) ቀድመው ይንቀሳቀሱና አምስት ያርድ ትቀጣላችሁ። ተጠባባቂው ግራኝ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን የሚሰጠው ወደ ቀኝ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለው ታክል (የጫፉ ላይንማን) ማወቅ አለበት። ከ12 እስከ 15 የሚሆኑ እሱ በደንብ የሚሠራቸውን የማጥቂያ ስልቶች በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አኑሩ። ሲገባም ወዲያው ሦስት ጊዜ ሩጫ አትጥሩ፤ ተጋጣሚ የሚጠብቀው ያንን ነው። አጭር፣ ቀላል ውርወራ ይሻላል፤ ልጁም ይረጋጋል።

በብቃት ምክንያት መቀየር ሌላ ነገር ነው። በስሜት አይሆንም፤ ፊልም አይታችሁ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ውርወራ አራት ነገር ጻፉ፦ የት ማየት ነበረበት፣ የት አየ፣ ኳሱ በስንት ሰከንድ ከእጁ ወጣ፣ የት አረፈ። ውጤቱን አትጻፉ። ከተቀባይ እጅ ነጥሮ የተቀማ ኳስ የኳርተርባኩ ጥፋት አይደለም፤ በሁለት ተከላካይ መሃል ተወርውሮ በዕድል የተያዘ ግን ጥፋቱ ነው። ቢያንስ የሦስት ጨዋታ መዝገብ ሳይኖራችሁ «ችግሩ እሱ ነው» አትበሉ፤ በሁለት ሰከንድ የሚፈርስ መከታ ኳርተርባክ በመቀየር አይጠገንም። በ2017 የቡፋሎ ቡድን አምስት አሸንፎ አራት ተሸንፎ ሳለ ታይሮድ ቴይለርን አስቀምጦ ኔተን ፒተርማንን አስጀመረ፤ ልጁ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ አምስት ኳስ አስቀማ። ከዕረፍት በኋላ ቴይለር ተመለሰ፣ ያንኑ ዓመት ቡድኑ ለጥሎ ማለፍ የደረሰውም በእሱ ነው።

በተቃራኒው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የነበረው ኒክ ሳባን ጃንዋሪ 2018 በኮሌጅ ሻምፒዮና ፍጻሜ 13 ለ 0 እየተመራ በዕረፍት ጄለን ኸርትስን አውጥቶ ያንኑ ቱዋን አስገባ፤ 26 ለ 23 አሸነፈ። ድፍረት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቱዋ ዓመቱን ሙሉ ቡድኑ በሰፊው ሲመራ እየገባ ተጫውቷል። ኸርትስም አኩርፎ አልሄደም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቱዋ ሲጎዳ ከተጠባባቂነት ተነሥቶ ጆርጂያን 35 ለ 28 አሸነፈ።

ለልጆቹ የምትነግሩበት መንገድ ይህን ይወስናል። ከልምምድ በፊት፣ ሁለቱንም ለየብቻ፣ ራሳችሁ ንገሩ፤ በረዳት አትላኩ። ምክንያቱን ከመዝገቡ አሳዩት፣ ምን ቢያሻሽል ቦታው እንደሚመለስለትም ግለጹ። ግማሽ ውሳኔ አታቅርቡ፤ በ2017 የኒውዮርክ ጃይንትስ አሰልጣኝ ለኢላይ ማኒንግ «ጀምርና በዕረፍት ትወጣለህ» ዓይነት ሐሳብ ሲያቀርብ ማኒንግ አልተቀበለም፤ 210 ተከታታይ ጨዋታ የመጀመር ታሪኩም በዚያ ተቋረጠ፣ አሰልጣኙም በሳምንቱ ተሰናበተ።

ወላጅን በተመለከተ ይሉኝታ ይይዛችኋል፤ በተለይ አባትየው በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የምታውቁት ሰው ከሆነ። በጨዋታው ማግስት ካልሆነ አታነጋግሩ። ስለ ልጃቸው ብቻ ተናገሩ፤ ስለ ሌላው ልጅ ሲጠይቋችሁ በትሕትና እምቢ በሉ። እንዲጫወት የምትፈልጉት የራሳችሁ ወንድም ወይም የእህት ልጅ ከሆነ ደግሞ የፊልሙን መዝገብ ሌላ ረዳት ይያዝ፣ ወረቀቱንም ለስፖርት ኃላፊው ቀድማችሁ አሳዩ።