መልስ፦ ውሻዬ የሚለየው ቅርንፉዱን ነው ወይስ የእጄን ጠረን?

ሰላም ወንድሜ። በጠረን ፍለጋ ስፖርት፣ ማለትም ውሻ የተደበቀ ጠረን በአፍንጫው ፈልጎ በሚያገኝበት ጨዋታ፣ ውሻህ አንተ ሣጥን ውስጥ የደበቅከውን የቅርንፉድ ዘይት ወዲያው እያገኘ፣ ሌላ ሰው ሲደብቅለት ግራ እንደሚጋባ ጽፈሃል። እኔ የምጠረጥረው እጅህን ነው። አንተ የነካኸውን ሣጥን እየለየ ይሆናል። የኔዋም ሸውዳኛለች፤ ለካ ስትከተል የከረመችው ጣቴ ላይ የቀረውን የቋንጣ ሽታ ኖሯል!

ጓንት አድርግ። ዘይት የነካውን የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በወረንጦ ይዘህ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ክተት፤ ቆርቆሮዋን አንዱ ሣጥን ውስጥ አስቀምጥ። ባዶዎቹን ሣጥኖች ግን በባዶ እጅህ እሽት እሽት አድርጋቸው፤ አንዳንዶቹ ውስጥም ንጹህ ጥጥ ጨምር። ያኔ የእጅህ ሽታ ምንም አይጠቅመውም። ሽልማቱን እዚያው፣ አፍንጫው ጠረኑ ላይ እንዳለ ስጠው። ወደ አንተ ተመልሶ ከመጣ በኋላ ከሰጠኸው የሸለምከው መምጣቱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስፖርት በርች የተባለው ዛፍ፣ አኒስ የተባለው ቅመምና የቅርንፉድ ጠረኖች የተለመዱ ናቸው፤ አንዱን በደንብ ሳይዝ ወደ ሌላው አትሂድ። ዘይቱን ደግሞ እንዳይልሰው።

ከዚያ ሌላ ሰው ይደብቅ፣ አንተም ቦታውን አትወቅ። ካወቅህ ሣጥኑ ጋ ስትደርስ ሳታስበው እርምጃህ ቀዝቀዝ ይላል። እሱ ደግሞ ይቺን አይስታትም።