የሆድ ዳንስ ለመማር የሚሻ ጀማሪ አሰልጣኙን በምን ይመዝናል?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ስለምውል ሰውነቴን የማፍታታበት ነገር ስፈልግ ቆይቼ፣ ብዙዎች «ቤሊ ዳንስ» የሚሉትን የሆድ ዳንስ ለመማር ወስኛለሁ። ከሠርግና ከበዓል እስክስታ በቀር ሌላ ጭፈራ አላውቅም። በከተማችን ለዚህ ብቻ የተከፈተ ስቱዲዮ አላገኘሁም፤ አንድ ጂም ግን «እናስተምራለን» ብሎ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ጠይቆኛል። ልክፈል ወይስ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ልማር? ሆዴን ሳልገልጥስ መማር እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ገንዘቡን ለጊዜው ያቆዩትና አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው እንዲመለከቱ ጂሙን ይጠይቁ። በሥራው የሚተማመን አሰልጣኝ ይህን አይከለክልም። ከተከለከሉም መልስዎን አግኝተዋል ማለት ነው።

ሲመለከቱ በመጀመሪያ የማሟሟቂያውን ጊዜ ያስተውሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ውርጭ የሚወርድባት ከተማ እንደመሆኗ፣ በቀዘቀዘ አዳራሽ ውስጥ ያልሞቀ ወገብን ወዲያው ማሽከርከር ለጉዳት ይዳርጋል። ቀጥሎ አሰልጣኟ ስለ አቋቋም የምትለውን ያዳምጡ። ጉልበት በጥቂቱ ይታጠፋል፣ ደረት ቀና ይላል፣ ዳሌም ወደ ኋላ ሳይወጣ ወደ ፊትም ሳይገፋ በመካከል ይቆያል። ይህ አቋቋም ሳይስተካከል የሚሠራ እንቅስቃሴ ሁሉ ጫናው የሚያርፈው በታችኛው ወገብ ላይ ነው፤ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል ሰው ደግሞ ያ ቦታ አስቀድሞም የደከመ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ እንቅስቃሴ እንዴት እንደምታስተምር ይከታተሉ። ለምሳሌ ዳሌ በአየር ላይ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ የሚሠራበትን እንቅስቃሴ እንውሰድ። ጥሩ አሰልጣኝ መጀመሪያ ያለ ሙዚቃ፣ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር እያሳየች በዝግታ ታሠራለች፤ ቀጥላም በተማሪዎቿ መካከል እየተዘዋወረች የእያንዳንዷን ጉልበትና ትከሻ ታርማለች፤ ሙዚቃውን የምትከፍተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ አንሥቶ ለተማሪዎቿ ጀርባዋን ሰጥታ የምትጨፍር፣ አንዲትንም ተማሪ ዞራ የማታርም ከሆነ፣ የሚሰጠው በዐረብ ሙዚቃ የታጀበ ኤሮቢክስ ነው። ኤሮቢክስ ላብ ያወጣል፣ ልብንም ያጠነክራል፤ ነገር ግን እርስዎ ሊማሩ የፈለጉት እርሱን አይደለም።

አሰልጣኟን «የሚያስተምሩት የትኛውን ስልት ነው? ከማንስ ተማሩት?» ብለው ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ዛሬ በመድረክ የምናየው የግብፅ ስልት ራቅስ ሻርቂ ይባላል፤ መልኩን እንዲይዝ ካደረጉት ስፍራዎች ዋነኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ጨፋሪዋ ባዲያ ማሳብኒ በካይሮ የከፈተችው የመዝናኛ ቤት ሲሆን፣ ስመ ጥሮቹ ጨፋሪዎች ታሂያ ካርዮካና ሳሚያ ጋማል በዚያ መድረክ ላይ ያደጉ ናቸው። ከዚህ የተለየ የቱርክ ስልትም አለ። አሰልጣኟ ይህን ታሪክ በዝርዝር ማወቅ አይጠበቅባትም፤ ከየት እንደተማረችና ምን እንደምታስተምር ግን መናገር መቻል አለባት። ማቅሱም የሚባለውን መሠረታዊ ምት፣ ማለትም «ዱም ተክ ተክ ዱም ተክ» የሚለውን፣ በእጇ አጨብጭባ ማሳየት ከቻለች ሙዚቃውን ታውቀዋለች ለማለት ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ እስክስታ ያነሡትን በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም። በእኛ አካባቢ ያደገ ሰው አንዱን የሰውነት ክፍል ከሌላው ለይቶ ማንቀሳቀስን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ የሆድ ዳንስም መሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ባዶ እጅዎን አይደለም የሚሄዱት። የሚያስቸግርዎ ሌላ ነገር ነው፦ ከበሮ ሲመታ ትከሻችን ቀድሞ ይነሣል፤ እዚህ ግን ትከሻ ረግቶ ዳሌ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይበዛል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትከሻዎ አልታዘዝ ቢልዎት ተስፋ አይቁረጡ።

ሆድን መግለጥ ግዴታ አይደለም። ያብረቀረቀው ልብስ የመድረክ ነው። ለልምምድ ሰውነት ላይ የሚያርፍ ሹራብና ምቹ ሱሪ ይበቃል፤ ሰፊ ቀሚስ ግን ስሕተትዎን ከአሰልጣኟ ዐይን ይሸፍናል። አንድ ሻርፕ አጥፈው ዳሌዎ ላይ ጠበቅ አድርገው ቢያስሩት፣ አንዱ ጎን ከሌላው ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ በመስታወት ወዲያው ይታይዎታል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ልጆች ይዞ በየሳምንቱ መመላለስ የሚዘልቅ አይመስለኝም። ከዚያ ይልቅ በወር አንድ ጊዜ ሄደው ከአንድ አሰልጣኝ ጋር ለብቻዎ ቢሠሩና የተማሩትን በየዕለቱ ጥቂት ደቂቃ በቤትዎ ቢለማመዱ ይሻላል። ትምህርቱን በስልክዎ ለመቅረጽ ግን ፈቃድ ይጠይቁ። ከሁሉ የምመርጠው ግን ሌላውን መንገድ ነው። በመሥሪያ ቤትዎ፣ በዩኒቨርሲቲውና በየጂሙ ኤሮቢክስ በሚሠሩ ሴቶች ዘንድ ፍላጎቱ ያላቸውን ጥቂት ሰዎች አሰባስበው አዳራሽ በሰዓት ቢከራዩ፣ የአዲስ አበባዋን አሰልጣኝ ወደ እናንተ ማስመጣት ትችላላችሁ፤ ወጪውም ይከፋፈላል። የኢንተርኔት ቪዲዮ ለተጨማሪ ልምምድ ይጠቅማል፤ የእርስዎን አቋቋም አይቶ ስለማያርም ግን ብቻውን ለጀማሪ አላምነውም።

ከወሊድ በኋላ የቀጠለ የወገብ ሕመም፣ የሆድ ጡንቻ መለያየት ወይም ሽንት የመቆጣጠር ችግር ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ለአሰልጣኟም ይንገሯት።

ጂሙን ተመልክተው ከወደዱት የአንድ ወር ብቻ ከፍለው እንዲጀምሩ ይደራደሩ፤ አሰልጣኟ ብትቀርና ብትለቅ ገንዘቡ እንደሚመለስም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።